ስምንተኛው ጭረት

ከክሊኒኩ ሥር ነው፣ ምድር ቤት የምውለው፤
የፕሎቭዲቭን ሰው በጫማው ነው የማውቀው፤
ፊቱን በመስኮቴ አላይም፤ ጥርሱን ግን አውቃለሁ፣
ከሞረዱ ጫፍ ላይ ደሙን አጥባለሁ።

ዛሬ አንቺን ነው የማወራሽ፣ ቀይ ቀለበት ያሰርሽ፣
ከፀጉር ጥቂት የወፈርሽ፣
በጠማማው የጥርስ ሥር፣ በጨለማው ቦይ ዞረሽ ዞረሽ
የሰው ሕመም ጠርገሽ፣ እኔ ዘንድ የተመለስሽ።

ብሩሽና ሳሙና፣ የሚንቀጠቀጥ ውሃ፣
የወረቀት ከረጢት፣ ከዚያ ወደ ምድጃ፤
መቶ ሠላሳ አራት ዲግሪ፣ እንፋሎት ታፍኖ፣
አሥራ ስምንት ደቂቃ፣ የብረት በር ተከድኖ።

ከዚያ ያ ተአምርሽ! ጎብጠሽ ገብተሽ ቀጥ ብለሽ ወጣሽ፣
ትናንት ያጠፈሽን መንጋጋ እንዳላየሽ ሆነሽ፤
ኒኬልና ቲታኒየም ሳለሽ፣ በዚያ እንፋሎት መካከል
የልጅነት ቅርጽሽን ማን አስታወሰሽ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እደሰት ነበር፣
"ታደሰች" እል ነበር።
አሁን አልልም።
ሙቀት መልክ ይመልሳል እንጂ ዕድሜ አይመልስም።

የድሮ ሞረዶች፣ እነዚያ የአይዝጌ ብረቶች፣
ሲደክሙ ይናገሩ ነበር፤ ይፈታል ጥምዝምዛቸው፣
ተንጋድደው ይወጣሉ፣ አያለሁ፣ እጥላቸው።
አንቺ ግን ዝም ነሽ። ድካምሽ ከውስጥ ነው፣
በአጉሊ መነጽር ጭምር ፈልጌ የማጣው።

ስለዚህ እቆጥራለሁ።
በሳጥንሽ ክዳን ላይ፣ በእርሳስ፣ እጭራለሁ፤
አንድ ሙቀት፣ አንድ ጭረት፤
ስምንት ሲሞላ ስንብት።
(የአምራቹ ወረቀት "ለአንድ ሰው ብቻ" ይላል፤
አለቃዬ ያነበዋል፣ ዋጋሽን ያስባል፣
ወረቀቱን መልሶ ያጥፈዋል።)

ማክሰኞ ዶክተር ካሜን ደረጃውን ወረደ።
ጫማውን አላየሁም፤ ፊቱ ነበር የቀደመ።
"ተሰበረች" አለ። "ቀጥ ብላ ነበር እኮ፣
አይቻት ነው ያስገባሁ።"
እኔም አይቻት ነው የላክሁ።

በራጁ ላይ አንቺ ነሽ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ነጭ ሰረዝ፣
ከአቶ ጋንቾ መንጋጋ ሥር፣ ከመታጠፊያው ጥግ፣
ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ታግሎ ሊያወጣሽ ያልቻለ።
እዚህ ደግሞ እጄ ላይ፣ ቀይ ቀለበትሽ ከነጉማጁ አለ።

ክዳኑን አገላበጥሁ። ሰባት ጭረት።
ሰባት።
ግን ያ ሐሙስ ማታ፣ የእህቴ ልጅ ስትደውል፣
እርሳሱ ከእጄ ወድቆ ከምድጃው ሥር ሲንከባለል፣
ካነሳሁት ወዲያ... ጭሬያለሁ? ወይስ ስልኩን ዘግቼ
መብራቱን አጥፍቼ ሄድሁ፣ አንዲት ሙቀትሽን ረስቼ?

ዶክተሩ "ቦዩ ነው፣ መንጠቆ ነበር" ይላል።
ይሆናል። ምናልባት ሙቀቱ፤ ምናልባት መታጠፉ፤
ምናልባት ምሳ ሰዓት የቸኮለ ጣቱ።
ለሦስታችንም የሚበቃ ጥፋት አለ፤ ለማን ስንት እንደሆነ
የሚመዝን ሚዛን ግን እዚህ ቤት የለ።

አቶ ጋንቾ አኮርዲዮን ጠጋኝ ነው።
ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ ከንፈሩ ተንሻፎ፣ የሆነው ሲነገረው፦
"ንጹሕ ናት?" አለ።
"ንጹሕ ናት።"
"እንግዲያው ትተኛ። እኔም በስንቱ አኮርዲዮን ሆድ ውስጥ
የረሳሁት ብሎን አለ፤
እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ይዘፍናል።"

ሳቁ። እኔም ከደረጃው ሥር ሆኜ ሳቅሁ፤
ከዚያ ወርጄ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ አንጓዬን አየሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ እንፋሎት።
ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብዬ እነሳለሁ፤ ሰው "አላረጀሽም" ይለኛል፤
እሰማለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ክዳን ግን የለኝም።

ጉማጅሽን ከስለታሞቹ ሣጥን ጣልሁት፤
ከመጣሌ በፊት ስምንተኛውን ጫርሁት።
እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ሰካሁ።
ምድጃው ጮኸ፤ ሌላው ትሪ ደርሷል።
አሁን በሩን ሳልከፍት ነው የምጭረው፤
ስልኩም ይጥራ፣ ይቆያል።